ከምንጩ በላይ ያለው በረት

"ወረቀቱን ከምታገላብጠው ተናገር! የጎረቤቴ የጨመዳ ማዳበሪያ ነው አይደል?" አሉ አዴ ድርቤ፣ የበረቱን መዝጊያ እንጨት እየገፉ።

እሸቱ በስልሳ አራት ዓ.ም. ክረምት ከጉቴ መንደር ምንጭ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ የሄደ የእርሻ ኮሌጅ መምህር ነው። ዛሬ የምርመራውን ውጤት ይዞ መጥቷል፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

"አይደለም፣ እማማ።"

"ምን ማለት ነው አይደለም? ምንጩ አረንጓዴ የለበሰው ያ ነጭ ዱቄት ከመጣ ወዲህ አይደል? ሁለት ጥጃ አልሞተብኝም?"

"ውሃው ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላልና ከባድ። እበት ሲከማች ቀላሉ ከሽታው ጋር ይተንናል፣ ከባዱ ይቀራል። የፋብሪካው ዱቄት እንዲህ አይደለም። ውጭ አገር ልከን አስመዘንነው፤ በምንጩ ውስጥ ከወትሮው የበዛው ከባዱ ነው።"

"እንደ አረቄ ነው በለኛ! የሚተነው ሄዶ አተላው ይቀራል" አሉና ወዲያው ዞረው በረቱን አዩ። ከምንጩ በላይ ያለው በረት የማን እንደሆነ ለእሳቸው ማን ይንገራቸው! በአገሩ ልማድ ከብት የሚያድርበት በረት በየጥቂት ሳምንቱ ይነቀላል፣ መሬቱ ሁሉ ፍግ እንዲደርሰው ከማሳ ማሳ ይዛወራል። እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አላነቃነቁትም። ጎረቤታቸው ጨመዳ "አዴ፣ ያንሱት፤ ወደ ምንጩ ይወርዳል" ቢላቸው፣ "ሁለት በሬ ይዞ ስለ በረት ሊያስተምረኝ!" ብለው አባረሩት። ያም አልበቃቸውም፤ ሰው ከጸሎት ቤት ሲወጣ ጠብቀው "ውሃችንን የመረዘ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ደቦ የሚወጣለት ጠፋ። በቆሎው ደርቆ እንደቆመ ዝንጀሮ ይጫወትበታል።

ፊታቸው ነደደ። በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

"ለማንም አልናገርም፣ እማማ። በረቱን ብቻ ያንሱ" አለ እሸቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይሄ ደግሞ ባሰ። ልጅ አዘነላቸው! ወረቀቱን አጣጥፎ ጣሪያ ሥር መወተፍ ምን ያቅታል? ማን ያየዋል?

"ወዲህ በል!"

ነጥቀውት ቁልቁል ወረዱ። ሴቶቹ እንስራ ይሞላሉ። ጨመዳ ከተገለለ ወዲህ እንደለመደው፣ ሁሉም ቀድተው እስኪጨርሱ ራቅ ብሎ ቆሟል።

"ዛሬ ደግሞ ምን አደረግኩ፣ አዴ?" አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

ወረቀቱን ዘረጉለት።

"አንተ ማንበብ ታውቃለህ። አንብበው፤ እነዚህ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ በል። በረቱ ጋ ስትደርስ ስሜን እንዳትዘል።"