የአጎቴ የህያ ልጅ

እህቴ ሲድራ እናትና አባታችንን ካናዳ ልትወስድ ስትነሳ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ያስነሳኋቸው፣ ፓስፖርት ያወጣሁላቸው፣ ቡራዩ ካለው ሱቃችን ከተማ ድረስ እየተመላለስኩ ወረቀት ያስተረጎምኩት እኔ። የእኔ ስም የሚገባበት ቦታ ግን አልነበረም።

"ቪዛው ለወላጅ ብቻ ነው፣ ጁማና። አንቺ በትምህርት ሞክሪ" አለችኝ ሲድራ በቪዲዮ፣ ከኋላዋ በረዶ እየታየ።

ሞክሬ ተከልክያለሁ። ታውቃለች።

አባዬ ወፍራም ጃኬት ገዝቶ ሱቅ ውስጥ እየለበሰ ለደንበኛ ያሳያል። ጎረቤታችን ኦቦ ዲሪርሳ "አካም ከድሩ? ከአሁኑ በረደህ እንዴ?" እያለ ይስቅበታል። እማ ለሲድራ በርበሬ ታስፈጫለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሰጠኝ የሱቅ በርበሬ ነበር።

ከዚያ ማመልከቻው ተመለሰ። ችግሩ የቆየ ነው። ሲድራ ገና ስትድህ እማ ልጅ ላልወለደው ታላቅ ወንድሟ ለአጎቴ የህያ ሰጠችው። እሱም ትምህርት ቤት ሲያስገባት በራሱ ስም አስመዘገባት፤ ፓስፖርቷ ላይም ሲድራ የህያ ናት። እኛ ሰፈር ይሄ ማንንም አያስገርምም። ቪዛ የሚሰጡት ግን ከድሩና ሰይዳ ወላጆቿ ለመሆናቸው ማስረጃ ጠየቁ። የዲኤንኤ ምርመራ ማለት ነው።

ደስ አለኝ። ልጅ ሆነን ሲድራ የመርካቶ ልጅ ነበረች። ለኢድ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ እማ ትራስ ታደላድልላታለች፣ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። እዚያ አጎቴንና ሚስቱን አገኘች፤ አሁን ደግሞ የእኔን እናት ልትወስድ።

ቢሆንም ይሄዱ ይቀሩ እያልኩ መጠበቅ አልወድም። "ጉንጭሽን በጥጥ ዳበስ አድርገው ነው የሚለቁሽ። ነገ እንሂድና ይለይለት" አልኳት እማን።

"መጀመሪያ የህያን ላስፈቅድ።"

"እሱ ምን አገባው?"

"ሰጥቼው የለ?"

አጎቴ ከመርካቶ ከወጣ ጀምሮ የሚኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። እሱና ሚስቱ ሰዓዲያ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እማ ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረችውን ወንድሟን ያን ቀን አንቱ አለችው።

"እርስዎ ካልፈቀዱ አልመረመርም።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የተማርሽው፣ ምርመራው ምን ይላል? የህያ አባቷ አይደለም ይላል?"

"አይልም፣ አጎቴ። እማ እናቷ ናት ነው የሚለው።"

"ያው ነው።"

ሰዓዲያ አላስቻላትም። "ምነው ሰይዳ፣ የተዋስነው ድስት መሰለችሽ? አጥበን እንድንመልስልሽ?"

"አንቺ፣ ተይ!" አላት አጎቴ። ቀጥሎ ለእማ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ "ፈቅጃለሁ። ሂጂ" አላት።

አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እማ ግን ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። አቀርቅሮ የቀረውን ወንድሟን ብዙ አየችው።

"ይቅር" አለች በመጨረሻ። "ወረቀቱ ላይ ወላጆቿ እናንተ ናችሁ፣ እናንተ ሂዱላት። የከድሩን ጃኬት እልክልዎታለሁ።"

ስንመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እናቴ ቀረችልኝ፤ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል።

"ሁለት ጊዜ ሰጠኋት" አለች። የተናገረችው ለመስኮቱ ነው።

"እኔስ?"

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? አንቺ እኮ እዚህ ነሽ።"

እውነቷን ነው፣ እዚህ ነኝ። እኔን ስጪን ብሎ የጠየቃትም የለም፣ እኔን ላለመስጠት ያለቀሰችበት ቀንም የለም።

አስኮ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ። ሲድራ ጽፋለች። "ምን ተባለ?"

"አልመረመርም፣ አልመጣም ብላለች" ብዬ መለስኩ።

 ከዚያ "እሺ። ስለ እኔ ሌላ ምንም አላለችም?" የሚል መጣ።

እማ በሻሿ ጫፍ ዓይኖቿን ትጠርጋለች።

"ምንም" ብዬ ላክሁላት።