ከሻንጣዎቹ ጋር

ልጄ ረስቶ ነው ወይስ አውቆ? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁ እግዜር ይወቀው። ረስቶ ነው እንዳልል፣ የልጅቷን የአውሮፕላን ቲኬት በገዛ እጁ ቆርጦ የላከልን እሱ ነው። አውቆ ነው እንዳልል ደግሞ፣ የትኛዋ እናት ናት በወለደችው ላይ እንዲህ የምታስብ? አንዱን ሳነሳ ሌላውን ስጥል እውላለሁ።

ልጅቷ የልጄ የመጀመሪያ ልጅ ናት። እናቷ ጥላት ከሄደች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። በሕፃንነቷ ጉንጯ እንደ ዳቦ የተነፋ ስለነበር ድምቡሼ አልኳት፤ ዛሬ ቁመቷ ከኔ አልፎ እንደ ሸንበቆ ብትቀጥንም ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ በሌላ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ መንታ ወንዶች ወልዶ ይኖራል። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል በስልክ አንድ ቃል ገብቶላት ነበር። “ባሕርን መጀመሪያ የማሳይሽ እኔ ነኝ። ማንም እንዳይቀድመኝ! በሥዕል እንኳ ቢመጣ ዓይንሽን ጨፍኚ” አላት። እሱ ቀልዶ ይሆናል። እሷ ግን የምሯን ያዘችው። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ብቅ ባለ ቁጥር ሁለት እጇን ዓይኗ ላይ ትከድን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷትም፣ ለጨዋታ አስመስላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጨዋታ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ደወለ። “እማዬ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ቤት ይዣለሁ። እኛ ስንዋኝ ልጆቹን የምትይዥልን አንቺ ነሽ።”

“ድምቡሼስ?” አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። “እሷማ ትመጣለች እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?”

ያቺን ትንሽ ዝምታ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ወዲያው ሹራብ፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒትና ትርፍ ካልሲ መሰብሰብ ጀመርኩ። ድምቡሼ ሦስት ቀሚስ ለካች፤ ሦስቱንም አውልቃ መጀመሪያ የለካችውን መልሳ ለበሰች።

አየር ማረፊያው ስንደርስ እነሱ ቀድመውን መኪና የሚከራይበት ባንኮኒ ፊት ቆመዋል። መንቶቹ የሻንጣ መግፊያው ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። ምራቴ ከሩቅ አየችንና አፏን ሞልታ ሳቀች።

“እማማ! እንኳን ደህና መጡ! ውይ፣ እንግዳችንም አብራ መጣች?”

“ምን እንግዳ አለ፤ የቤት ልጅ ናት” አልኩ። እኔም ሳቅሁ።

ልጄ የድምቡሼን ፀጉር ዳበስ አደረገና “ረዘምሽ እኮ! ማን ፈቀደልሽ?” አላት። ፊቷ ፈካ። “ባሕሩ ሩቅ ነው አባዬ?” ስትለው ግን ወደ ባንኮኒው ዞሯል።

ሠራተኛዋ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረች፣ ሲበዛ ትሑት ልጅ ናት። ኮምፒዩተሯን እያየች “አምስት ሰው፣ ከሁለት የሕፃን መቀመጫ ጋር። ልክ ነው?” አለች።

“ልክ ነው” አለ ልጄ።

ቀና ብላ አየችን። “ይቅርታ ጌታዬ፣ ስድስት ናችሁ።”

ልጄ ዞሮ በጣቱ ቆጠረን። “እኔ፣ ሚስቴ፣ መንቶቹ፣ እማዬ...” ድምቡሼ ጋ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። እሷ ጣቱን ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ።

“ውይ!” ምራቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። “እኔን ይድፋኝ! እንግዳችንን ረሳናት!”

ትልቅ መኪና ጠየቅን። የዕረፍት ሰሞን ስለሆነ ሁሉም ወጥቷል። ሠራተኛዋ ከልቧ አዝና፣ ትርፍ ሰው የጫነ መኪና ከግቢው በር እንደማያልፍ ነገረችንና ወደ ውጭ አመለከተች። “ባሕሩ ድረስ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከዚህ ከበሩ ነው የሚነሳው፤ ጥሩ አውቶቡስ ነው።”

“በአውቶቡስ እመጣለሁ” አለች ድምቡሼ ፈጠን ብላ። ከዚያ ለአባቷ ብቻ እንዲሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ባሕሩ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንተ እስክታሳየኝ አልከፍትም።”

“አሁንም እንደዚያ ነሽ እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

እኔ ነኝ ያበድኩት። “ብቻዋን? በማናውቀው አገር? አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ ሳናውቅ? በሞቴ አይሆንም!” አልኩ። በዓይነ ልቦናዬ አውቶቡሱ ገደል ሲገባ፣ አንድ ጎረምሳ ሲከተላት፣ የማታውቀው ቦታ ወርዳ ስታለቅስ ታየኝ። “ካልሆነ እኔ አብሬያት ልሂድ።”

“እማማ ደግሞ!” አለች ምራቴ ክንዴን እየደባበሰች። “ልጆቹን መኪና ያስመልሳቸዋል። እርስዎን ያመጣንዎት ለዚሁ አይደል?”

ያመጣንዎት አለችኝ። እንደ ፎጣ።

“በቃ ቀላል ነው” አለ ልጄ፤ ሠራተኛዋ እንዳትሰማ ጎንበስ ብሎ። “በእግሯ ከግቢው ወጣ ብላ ትጠብቀን። ከኋላ ከሻንጣዎቹ ጋር ትጠጋጋለች። ቀጭን ናት፤ ትገባለች።”

“ሻንጣ! ሻንጣ!” አሉ መንቶቹ።

ድምቡሼ ትንሿን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። እኛ መኪናው ጋ ሄድን። ሠራተኛዋ መኪናውን እየዞረች ጭረቱን ሁሉ ለልጄ አሳየችው፤ ሲመለስ አዲስ ጭረት ከተገኘ ተጠያቂው እሱ ነውና። እሱም በየጭረቱ ፊት ተንበረከከ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ጎማው አጠገብ ያለችውን ጥፍር የምታህል ጭረት እንኳ አላለፋትም። ልጄ እንዲህ ዓይኑን አጥብቦ ማየት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከግቢው ወጥተን መታጠፊያው ላይ አገኘናት። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። ልጄ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሻንጣዎቹን ወዲያና ወዲህ ገፋ፤ አንዱን አምጥቶ ጭኔ ላይ ጫነው።

“እኔ ልግባ” አልኩ። “እኔ ትንሽ ሰው ነኝ።”

“ያን ጉልበትሽን በኋላ ማን ዘርግቶ ያወጣዋል እማዬ?”

ድምቡሼ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ገባች። “ተመችቶሻል?” አላት። “ተመችቶኛል” አለች። ክዳኑ ተዘጋ።

እኔ በሁለቱ የሕፃን መቀመጫዎች መካከል ተቀርቅሬያለሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። “ድምቡሼ፣ አየር አለሽ?” እላለሁ። “አለ እማማ።” ትንሽ ቆይቼ “ድምቡሼ፣ እግርሽ አልደነዘዘም?” እላለሁ። “ኧረ ደህና ነኝ።”

“እማማ፣ ልጅቷን አስጨነቋት እኮ። እኛንም” አለች ምራቴ፤ ዞር ሳትል።

አንደኛው መንታ ብስኩቱን ወደ ኋላ አንጠለጠለ። “እማዬ፣ ሻንጣ ብስኩት ይበላል?”

“ሻንጣ አይበላም የኔ ማር። ሻንጣ ይቆለፋል እንጂ።”

ልጄ መሪውን እየመታ ሳቀ። ልጅ ሳለ ሳቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር ከፊታችን ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። “ሸፍኗት! ቶሎ በሉ!” አለ ልጄ። ምራቴ አንድ ትልቅ የዋና ፎጣ፣ ዓሣ የተሣለበት፣ ወረወረችልኝ። እዚያ የሚደርሰው የእኔ እጅ ብቻ ነው። ዞሬ ጣልኩባት። የመጨረሻ ያየሁት ዓይኖቿን ነው። “እስክንነግርሽ እንዳትንቀሳቀሺ!” አላት አባቷ።

ፖሊሱ በመስኮት አጎንብሶ ልጆቹን ፈገግ ብሎ አያቸው። “ከኋላ ምን ይዛችኋል ጎበዞች?”

“ሻንጣ!” አሉ ሁለቱም፤ እየተንከተከቱ።

“መልካም መንገድ።”

ትንሽ እንደራቅን መኪናው በሳቅ ፈነዳ። “ጎሽ የኔ አንበሶች!” አለች ምራቴ እንባዋን እየጠረገች። እኔም ስለተረፍን ብቻ ሳቅሁ። ሳቃችን ሳያልቅ መኪናው የዳገቱን ጫፍ ወጣና ከፊታችን መሬቱ አለቀ።

“ባሕር! ባሕር!”

ሰማዩ ሁለት ሆነ። ልጄ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መስኮቶቹን ሁሉ አወረደ፤ ጨው ጨው የሚል ነፋስ ገባ። “አያችሁ? ምን አልኳችሁ? እዩልኝ!” ይላል። መንቶቹን፣ ሚስቱን፣ እኔን በመስታወቱ ያየናል። “እማዬ፣ እዪ እንጂ!” እኔም አየሁ። “ጉድ ነው! ጉድ!” አልኩ፤ አፌን ከፍቼ።

ከዚያ ትዝ አለችኝ። ደንግጬ ስዞር ፎጣው እንደጣልኩት ነው። ዓሣው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ ትተነፍሳለች። የሻንጣው ክብደት ይዞኝ እየተንጠራራሁ ጎትቼ ሳነሳላት መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ቤቶች መካከል ገብቷል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

“ለምን አላነሳሽውም የኔ እናት?”

“አልነገራችሁኝም” አለች። ቀስ ብላ ጨመረች፣ “አባዬ መኪናውን ያቆማል ብዬ ነበር። ወርዶ የሚከፍትልኝ መስሎኝ።”

ከዚያ በኋላ አየር አለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ቤቱ በሩ በመንገዱ በኩል ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ግን ባሕሩን ያያሉ። ልጄ የኋላውን ክዳን ሲከፍት ምራቴ አጨበጨበች። “እሰይ፣ ሻንጣችን በሰላም ደረሰች!” ድምቡሼ ብድግ ስትል እግሯ አልታዘዝ ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ሳቁ። እሱም።

ሳሎኑ ውስጥ ወፍራም መጋረጃ ተዘግቷል። ምራቴ ቦርሳ ትፈታለች፤ ልጄ የልጆቹን የዋና ጎማ ጉንጩን ወጥሮ ይነፋል። ድምቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ካፖርት መስቀያው መልሳ ቆማለች። ይኼኔ ነው ልጄ ጎማውን ከአፉ ያወጣው።

“ውይ! ለካ ቃል ነበረብኝ! ነይ፣ ነይ!”

እጇን ይዞ መስኮቱ ፊት አቆማትና መጋረጃውን በአንድ ጊዜ ገለጠው። ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው። “ይኸውልሽ! ባሕር!”

ዓይኗ ተጨፍኗል።

ጨዋታ መሰለው። “በቃ አሁን ክፈቺ። ይኸው አባትሽ ነው የሚያሳይሽ።”

አልከፈተችም።

“አንቺ! እየጠበቅሁሽ ነው እኮ።”

ምራቴ ፎጣ እያጠፈች “ተዋት በቃ። እናቷን ነው የወጣችው” አለች። “ይህን ሁሉ መንገድ አምጥተናት!”

ልጄ አገጯን ያዘ። ፊቷን ወደ መስታወቱ ገፋው። “ክፈቺ ብያለሁ!”

“ሻንጣው ተቆልፏል!” አለ አንደኛው መንታ። ሌላው “ቁልፉ ጠፋ!” ብሎ ወለሉ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ።

ልጄ አልሳቀም። በአውራ ጣቱ የዓይኗን ቆብ ወደ ላይ ለመግለጥ ሞከረ፤ ያቺን ጎማው አጠገብ ያለችውን ጭረት በዳሰሰበት ጣት። እሷ ጥርሷን ነክሳ አጥብቃ ጨፈነች። እንባው ከቆቡ ሥር መንገድ ፈልጎ በጣቱ ላይ ወረደ።

“ተው!” አልኩ። “ተዋት! ዓይኗን ታጠፋታለህ!”

ለቀቃት። ጉንጯ ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀርቷል። “አንቺ ነሽ እንዲህ ያበላሸሻት” አለኝ እንጂ እሷን አላያትም። የተነፋውን ጎማ አነሳ፤ መንቶቹን በክንዶቹ አንጠለጠለ፤ በረንዳውን አልፎ ወደ አሸዋው ወረደ። ምራቴ ባርኔጣዋን እያስተካከለች ተከተለችው።

ድምቡሼ እንደጨፈነች ዞረች። ዓይኗን የገለጠችው መስኮቱ ከጀርባዋ ሲሆን ነው። ትንሿን ቦርሳዋን ከመስቀያው ሥር አነሳች።

እጅጌዋን ያዝኳት። “ሹራብሽ ሻንጣው ውስጥ ነው... ውሃ እንኳ አልጠጣሽም... አውቶቡሱ የት እንደሚቆም አላየንም እኮ፤ ደግሞ አጠገብሽ ማን...” አልኩ። አንደበቴ ዝም አልል አለኝ፤ እጄም አልለቅ አለ።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። በቀስታ፣ እንደ ሕፃን ጣት። ከዚያ በመንገዱ በኩል ያለውን በር ከፈተች፤ ጀርባዋን ለባሕሩ እንደሰጠች ወጣች።