የዳማው መስኮት

«ነፍሱን በገነት ያኑር...»

ድው!

የጎረቤቷ ሴትዮ የማጽናኛ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ሻዩ ከብርጭቆው ዘሎ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ከጓሮው ጋጣ ዳማው ፈረስ ሌላ ርግጫ ደገመ፤ አሽካካ፤ እንደገና ረገጠ። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ አንገቱን ወደ ጓሮው በር አዞረ፤ ቀጥሎ ወደ ሟቹ ልጅ፤ ፈረሱን የወለደችው እሷ ይመስል።

«ይቅርታ» ብላ ጨርቅ ልታመጣ ተነሣች። አባቷን ከቀበረች ወዲህ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይህ ነበር። ሰው ስለ አባቷ ሊያጽናናት ይመጣል፤ እሷ ስለ ፈረስ ይቅርታ ትጠይቃለች።

«ምን ነካው ግን?» አሉ ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን እያራገፉ።

«መዘጋት አይወድም እትዬ።»

«ማን ይወዳል!»

ከዚያ ምክሩ ጀመረ። አንዱ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይከተትለት አለ። አንዷ ፍየል ይግባለት፣ ፈረስ ጓደኛ ካገኘ ጸጥ ይላል አለች። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ማን እንደሆነ እንኳ የማታውቀው ሰው፣ አማቹ እንዲህ ያለ ፈረስ እንደነበረውና መጨረሻው እንዳላማረ አንዲት ነገር ሳያስቀር ተረከ። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬና ምክር ስትሰማ ትውላለች። ደንበኛ ግን ቢያንስ ፀጉሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ይሄዳል።

ድው! ድው!

«ግድየለም፣ ልንገላገለው ነው» አለ አጎቷ። «የሚወስደው ሰው አግኝቻለሁ።»

«ወዴት ነው የሚወስደው ጋሼ?»

አጎቷ የሆነ ነገር የወደቀበት ይመስል ብርጭቆው ውስጥ አተኩሮ አየ። «ወዴት እንደሚወስደው እሱ ያውቃል።»

የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ፍሬን የሌለው ነገር አያምንም። በቀብሩ ማግስት የጋጣውን በር እስከ ግማሹ በጣውላ ዘጋው፤ ፈረሱ ዘሎት አስፋልት ላይ ወጣና ለጥቂት ከአውቶቡስ ሥር ተረፈ። ስለዚህ እስከ ላይ ጠረቀመው፤ በወፍራም ሽቦም አሠረው። ክፉ አስቦ አልነበረም። ፈረሱ ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ እህል አልቀመሰም፣ አልተኛም፣ ሰውም አላስተኛም።

አባቷ ግንበኛ ነበር። የሰው ቤት ሲሆን ቀጠሮ አያሳልፍም፤ የራሱ ቤት ሲሆን ሁሉም ነገር ለነገ ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ነገ። የኩሽናው መደርደሪያ ነገ። እናቷ በሕይወት ሳለች «አቶ ነገ» ብላ ስም አወጣችለት፤ እሷ ሞተች፣ ስሙን ሠፈሩ ወረሰው።

አንድ ቀን የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ ውስጥ ጋጣ ሲገነባ ሰንብቶ፣ ዳማውን በገመድ እየሳበ መጣ።

«አባዬ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ ብርቱካን ይዞ ነው የሚመጣው» አለችው።

«የገነባሁትን ግድግዳ ያፈረሰ የመጀመሪያው ፍጡር ነው» አለ፤ ኩራት በሚመስል ሳቅ። «ያውም ሁለቴ! አሁን ሊያስወግዱት ነው። እንዲህ ያለ ጀግና ይወገዳል?»

ዳማው ለዓመታት ከቤታቸው ጎን ባለው ባዶ ቦታ እንደ ልቡ ኖረ። በቅርቡ የቦታው ባለቤት ሊሠራበት አጠረውና አባቷ ጓሮ ውስጥ በብሎኬት ጋጣ አቆመለት። ሦስት ግድግዳ፣ አንድ ጣሪያ፣ መዝጊያ የሌለው በር።

«መስኮቱስ?» አለችው።

«ነገ እከፍትለታለሁ።»

«መዝጊያውስ?»

«መዝጊያው እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነበር። የተረፈ ብሎኬት ደፉ ላይ አስቀምጦ ይቀመጥበታል፤ ፈረሱ አገጩን ኮፍያው ላይ አሳርፎ ግቢውን ያያል፤ ሁለቱም ዝም። ሲነሣ ገመድ ይወጥርበታል፤ ግድግዳ ያፈረሰው ፈረስ ያን ቀጭን ገመድ አንድም ቀን አልበጠሰም። እሷ ደክሟት ስትገባ ሁልጊዜ እዚያው ታገኘዋለች፤ ጣሪያው እንዳፈሰሰ፣ መደርደሪያው እንደ ዘመመ።

«ዛሬም ቁጭ?» ትለዋለች።

«ዛሬም ቁጭ» ይላታል።

ልቡ ቀጥ ያለችውም እዚያው ብሎኬት ላይ ነው።

ድው! የአሁኑ ርግጫ የእንጨት መሰንጠቅ ድምፅ ነበረበት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና ወደ ጓሮው በር አመራች።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?» አለ አጎቷ።

«ላነጋግረው ነው።»

ሽቦውን ስትፈታ ጥፍሯ ተሰበረ። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ሽንትና ላብ ይሸታል። ዳማው ጥግ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። የኋላ እግሩ ተልጦ ደም ሰኮናው ድረስ ወርዷል።

«ምን ላድርግህ?» ብላ ጮኸችበት። «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ላድርግህ? እኔም እኮ ተዘግቼ ነው ያለሁት! እዚያ ቤት ውስጥ ሻይ ስቀዳ እውላለሁ፤ ማንን ረገጥኩ?»

ፈረሱ ጆሮውን ወደ እሷ አቀና። በበሩ የገባው ብርሃን በቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አርፎ ነበር፤ እዚያ ላይ ጠመኔ አየች። ከራሷ ከፍ ብሎ፣ በፈረሱ ዓይን ትክክል፣ የአባቷ እጅ ያሰመረው አራት ማዕዘን አለ፤ ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ፤ እሱም ተሰርዟል። የመጨረሻው እምብርቷ ጋ ነበር።

«ይኸው!» አለች በእልህ። «ሥዕል! የመስኮት ሥዕል ምን ያደርጋል? ይኼ የታችኛውስ ለማን ነው፣ ለዶሮ?»

ልትደመስሰው እጇን ዘረጋችና ቆመች። የታችኛው ጠመኔ ብቻ ነበር። ወደ መካከለኛው ከፍ ስትል ጣቷ የመሮ ጭረት አገኘ፤ ፋቅ ፋቅ የተደረገ፣ አቅም ያጣ ጭረት። በእግሯ ጣቶች ቆማ የላይኛውን ነካች። እዚያ ላይ መሮው በደንብ ጠልቋል። እጇን እንደገና ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላ አወረደች።

«ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣ ብሎት ነበር» አለ ከኋላዋ ድምፅ። አባቷ የገነባውን ሁሉ ሲቀባ የኖረው ቀለም ቀቢው ነበር፤ ተከትሏት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ደረቱን ይወጋው ነበር ልጄ። ሲያቅተው ዝቅ፣ ሲያቅተው ዝቅ። እኔ ልክፈተው ስለው ተቆጣኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

ቀለም ቀቢው መሬት መሬት አየ። «ነገ እነግራታለሁ ይል ነበር።»

«ነገ!» አለች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያልለየ ድምፅ ወጣት። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «መዶሻው የት ነው?» አለች።

አጎቷ መዶሻና መሮ ይዛ ሲያያት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«በለቅሶ ቤት? ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ሲል ነው የከረመው ጋሼ። ይልቅ ፈረሱን አውጥተህ ያዝልኝ።»

በርጩማ ላይ ወጥታ የላይኛውን አራት ማዕዘን መምታት ጀመረች። የመጀመሪያው ምት አውራ ጣቷን አገኘ። «የት አባቱ!» አለችና ያለችው ነገር ለራሷ ሲሰማት ክው ብላ ቀረች፤ ከዚያ የበለጠ ተናድዳ መታች። ብሎኬቱ ተሰነጠቀ። ሲደገም ወደ ውጭ ወደቀ፤ የብርሃን ዘንግ አቧራውን ሰንጥቆ ገባ።

«ከጎን ምቺው እንጂ! መሐሉን አይደለም!» አጎቷ ከውጭ ጮኸ።

«ጋሼ!»

«ጠርዙን ነው የምልሽ!»

መሐሉን መምታቷን ስትቀጥል ገመዱን ለቀለም ቀቢው አስይዞ፣ ኮቱን አውልቆ ገባ። የተፈነካከተውን ብሎኬት በእጁ ሊነቅል ሲጠጋ ከሥር የተሰመሩትን አያቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ነገረችው። አጎቷ ብሎኬቱን እንደታቀፈ ቆመ። «ፈረሱን የሚወስደውን ሰውዬ አትምጣ እለዋለሁ» አለ፤ ብሎኬቱን ይዞ ወጣ።

ዳማውን ሊመልሱት ሲሉ በሩ ላይ እግሩን ተክሎ አልገባም አለ። አጎቷ ከኋላ ሊገፋው ሲል «ተወው» አለችው። ገመዱን ልል አድርጋ ይዛ ጠበቀች። ፈረሱ አንገቱን አስግጎ አሸተተ፤ ብርሃኑን አየ፤ አንድ እግር አስገባ፤ አሰበ፤ ሌላውን አስገባ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ሄዶ ጭንቅላቱን በአዲሱ መስኮት ብቅ አደረገ።

ለቀስተኛው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ነበር። ፈረሱ በተራ በተራ አያቸው። ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ጸጥ አለ።

«ይኼ ሁሉ ለዚህ ነው እንዴ?» አሉ የጎረቤቷ ሴትዮ።

«ለዚህ ነው እትዬ።»

በውጭ በኩል ዞራ መጣች። የፈረሱ ግንባርና ሽፋሽፍት በብሎኬት ብናኝ ነጭ ሆኗል። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታች፤ ጫፉን አጥፋ፣ ደንበኛዋ ፊት ላይ የረገፈ ፀጉር እንደምታነሣው አድርጋ፣ መጀመሪያ አንዱን ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላኛውን ጠረገችለት። «ቀና በል» አለችው። ቀና አለላት።

በራሷ ጉንጭ ላይ ብናኙ በሁለት መስመር እየታጠበ ይወርድ ነበር። እሱን አልነካችውም።