ሰባት ኪሎው ትራይፖድ

የልጅ ልጄ ካሜራዋን ወፍ ላይ አነጣጥራ ስትቆም ከኋላዋ ማን እንደመጣ በምን ታውቃለች? ይህን ጥያቄ ሳገላብጠው ሰነበትኩ፤ መልስ አላገኘሁለትም። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ከሳል ሽሮፕ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውልና በሰባተኛው፣ እንደ ሰው አርፋ መተኛት ሲገባት፣ ሊነጋጋ ሲል ሐይቅ ዳር ሄጄ ወፍ ካላነሳሁ ትላለች። ያውም ብቻዋን! ሐይቅ ዳር ጭቃ አለ፣ ብርድ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አለ።

"ፎቶው እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ እማዬ፤ ካሜራዬን የማቆምበት ትራይፖድ ያስፈልገኛል" ስትለኝ ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ።

"እኔ ነኝ የምገዛልሽ!"

አቅፋ ሳመችኝ። ምስኪን።

ባለሱቁ አንድ ቀጭን ትራይፖድ መዝዞ ሦስት እግሩን ዘረጋልን። "ይሄ ቀላል ነው፣ ቦርሳሽ ላይ አስረሽው ትሄጃለሽ" አላት።

በአንድ ጣቴ ገፋ ባደርገው ተንገዳገደ። "ይሄማ ሳይነፍስበትም ሰካራም ነው።"

"እማማ፣ እርስዎንም ቢገፉዎት እኮ ይንገዳገዳሉ።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። እኔ ግን ዓይኔ ጥግ ላይ የቆመ አንድ ጥቁር ግዙፍ ትራይፖድ ላይ አርፎ ነበር። በሁለት እጄ ብገፋው ንቅንቅ አላለም።

"እሱ የስቱዲዮ ነው" አለ ባለሱቁ ደንግጦ። "ሰባት ኪሎ ነው! አንዴ ከቆመ የሚነሳው ቤት ሲለቀቅ ነው።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሰባት ኪሎ ተሸክሞ ሐይቅ የሚወርድ ማን አለ?

"ጠቅልለው።"

"ኧረ እማዬ፣ በፈጠረሽ!"

"ዝም በይ፤ ስጦታ ሲከብድ ነው የሚያምረው።"

ባለሱቁ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅም አሳየን። ለዚህስ የቀሚሴ ጫፍ ምን አነሰው ብዬ ካሜራዋን ላንሳ ስል ሁለቱም ባንድ አፍ ጮኹብኝ። ጨርቁንም ገዛሁ።

ልንወጣ ስንል፣ "ነፋስ ካለ ከሥሩ መንጠቆው ላይ ክብደት ያለው ነገር አንጠልጥሉበት" አለን። ይህን ምክር ወደድኩት። ቤት እንደገባሁ ከአሮጌ ትራስ ልብስ ከረጢት ሰፋሁና ሁለት ኪሎ ባቄላ ሞላሁበት። አሁን ዘጠኝ ኪሎ ሆነ። ሳሎን መሃል አንጠልጥዬው ሳየው አዲስ ዘበኛ የቀጠርኩ መሰለኝ።

ልጅቷ ከረጢቱን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። "ስፌትሽ እንዴት ጠንካራ ነው እማዬ!"

"አይተረተርም" አልኳት ኮራ ብዬ።

የእረፍቷ ቀን ወገግ ሲል ከክፍሏ ወጣች፤ ቦት ጫማዋን አድርጋለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ትራይፖዱን ልታነሳ ሞከረችና ፊቷ ቀልቶ መልሳ አቆመችው።

"ከበደሽ አይደል? በይ ተመልሰሽ ተኚ፤ ሻይ አፈላልሻለሁ።"

ከረጢቱን ከመንጠቆው ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

"ያለ ትራይፖዱ ባቄላው ምን ሊያደርግልሽ?"

"ድንጋይ ላይ አደርገውና ካሜራዬን አስተኛበታለሁ። ባለሱቁ ጋ ደውዬ ስጠይቀው፣ 'ወፍ የሚያነሱ ሰዎች እንዲያውም ይሄንን ነው የሚመርጡት' አለኝ። አንቺ ባትሰፊልኝ ዛሬ አልሄድም ነበር።"

የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት። በገዛ መርፌዬ፣ በገዛ ባቄላዬ! ከኋላዋ ማን ያይላታል? ማን?

"በይ እማዬ፣ ሄድኩ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ካፖርቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ደረብኩ፣ የወጥ ቤቱን በርጩማ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ፤ ወደ ሐይቁ ቀድሜያት ከቤት ወጣሁ።