አሥራ ሁለት ጉርድ

«እሷማ በሰርጓ ሳምንት፣ ያንኑ የሰርግ ቀሚሷን እንደለበሰች እንሰት ልትፍቅ ቁጭ አለች።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይሆናል፤ የእንሰቱ ውሃ ተረጨባት። በሳሙና አለች፣ በአመድ አለች፣ በሎሚ አለች፤ እምቢ! ቀሚሱ ነብር መሰለ።»

ጣቢታ ይህን ወሬ የሰማችው ልጅ ሳለች፣ ዶዮገና አክስቷ ጓሮ ከኮባው ሥር ተኝታ ነው። ሙሽራይቱ ማን እንደነበረች አታውቅም። አማቲቱ ተቆጡ ወይስ ሳቁ፣ ያም ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። ወሬው ትዝ ያላት ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሆሳዕና ውስጥ፣ በገዛ ጓሮዋ ከቆጮው ጉድጓድ አፍ ተንበርክካ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት ስትጎትት ነበር።

ከረጢቱ ውስጥ አሥራ ሁለት የመዘምራን ልብስ አለ። ውሃ ሰማያዊ ፖፕሊን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ሰፊ ነጭ አንገትጌ ያለው። የሰፋችው ራሷ ነበረች። ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ቀበሌው ወንበሩንም፣ ጊታሩንም፣ ድምፅ ማጉያውንም በመዝገብ ተረከበ፤ ልብሱ ብቻ ጎደለ። የመዘምራኑ መሪ ባሏ ጴጥሮስ ተጠርቶ ሲጠየቅ «ቤቴ የለም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ልብሱ ያን ጊዜ እህቱ ገነቴ ቤት ነበር። እሱ «ዋሽተሃል» ተብሎ ከታሰረ በኋላ ነው ገነቴ ፈርታ፣ «ለሁለት ቀን ብቻ» ብላ ያመጣችው። ሁለቱ ቀን ሁለት ወር ሆነ።

አሁን ቀበሌው ቁርጡን ተናግሯል። ቅዳሜ ይህ ሰፈር ይፈተሻል። ምንም ካልተገኘ ጴጥሮስ ሰኞ ይፈታል። ከተገኘ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ወደ ሌላ እስር ቤት ይተላለፋል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ጣቢታ አታውቅም።

«እህት ጣቢታ፣ እናቃጥለው» አለች ገነቴ ከኋላዋ ቆማ።

«እህት አትበዪኝ ብዬሻለሁ። በዚህ በዚህ ነው ጴንጤ መሆናችንን የሚያውቁት።»

«እሺ፣ እናቃጥለው።»

«አብዮት ጠባቂው ጥግ ላይ ቆሟል። የጨርቅ ጭስ አይሸተውም?»

«ወንዝ እንጣለው።»

«አሥራ ሁለት ልብስ ተሸክመሽ በየት በኩል ልታልፊ?»

«እዚሁ ይቅር እንግዲህ።»

«ታች ሰፈር የቆጮ ጉድጓድ በብረት ዘንግ እየወጉ ነው አሉ።»

ገነቴ ቁጭ አለች። ጣቢታ የመጀመሪያውን ልብስ ዘረጋችው። ኮምጣጣ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። የእንሰቱ ውሃ በከረጢቱ ቀዳዳ ገብቶ ሰማያዊው ላይ ቡናማ ደመና ሠርቷል። በጣቷ ፈተገችው፤ አልለቀቀም። ያኔ ነው ሙሽራይቱ ትዝ ያለቻት።

ደግሞም ሌላ ነገር ትዝ አላት። ለገና አንዲት ተማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ዝንጉርጉር ሽንሽን ጉርድ አሳይታት፣ «እንዲህ ያለ ስፊልኝ፤ አሁን ሴቱ ሁሉ የሚለብሰው ይህን ነው» ብላት ነበር። ጨርቁ እየተቋጠረ ተነክሮ ነው እንዲያ የሚዥጎረጎረው። ሱቅ ውስጥ ግን ከካኪ በቀር ጨርቅ ስላልነበረ ልጅቷን በባዶ እጇ ሸኘቻት።

«የሚፈልጉት ሰማያዊ ረጅም ልብስ ነው» አለች ጣቢታ ቀስ ብላ። «ዝንጉርጉር ጉርድ አይደለም።»

መጀመሪያ ያነሳችው የጴጥሮስን ነው። ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል። መቀሱን ወገቡ ላይ አስገባች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች። ቆረጠች።

ገነቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የተቀደሰ ልብስ እኮ ነው። የጸሎት ቤታችን መበለቶች ናቸው እንቁላል ሸጠው የገዙት።»

«እኔስ መቼ ጠፋኝ? ቃጫውን አቀብዪኝ።»

ከወገብ በታች ያለው እንዳለ ሰፊ ጉርድ ነበር። በቃጫ እዚህም እዚያም ቋጠሩት። ከጓሮ ሁለት እንሰት ጥለው ፋቁ፤ ውሃውን በበርሜል ከዛገ ሚስማር ጋር አፍልተው ነከሩት። ቋጠሮው ሲፈታ ሰማያዊው በቡናማው መሐል እንደ ዓይን ክብ ክብ ሆኖ ቀረ። ወገቡ ላይ አሮጌ ላስቲክ አስገባችበት። ከእጅጌው ቀበቶ ወጣ። ነጩ አንገትጌ በቀጭኑ ተተርትሮ፣ ተጠቅልሎ፣ ደረት ላይ የሚሰካ ጽጌረዳ ሆነ። የተረፈችውን ቁራጭ ሁሉ የፀጉር ማሰሪያ አደረጓት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አሥራ ሁለቱም ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። ገነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ለእኛ ለጸሎት ቤቱ ሴቶች አንድ አንድ ይደርሰናል። ነገ ለብሰነው እንዋል።»

ጣቢታ መርፌዋን አስቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«እኛ የጸሎት ቤቱ ሴቶች ብቻ አንድ ዓይነት ለብሰን ከወጣን በምን ተሻለ? ከኳየር ልብስ ወጥተን ኳየር ልብስ ገባን እኮ!»

«ታዲያ ማን ይልበሰው?»

«ከእኛ ያልሆነ ሰው።»

«ከእኛ ያልሆነ ሰው ማን...»

ያን ጊዜ የጓሮው በር ተንኳኳና መልስ ሳይጠበቅ ተከፈተ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ባለቤታቸው በሥራ ተዛውረው ከመጡ ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት እዚሁ ከተማ ኖረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው እናንተ! ጴንጤ ደግሞ ፋሽን ያውቃል እንዴ?» አሉና ረጅሙን ጉርድ ከገመዱ ላይ አወረዱት። «ምን ምን ይላል? ቆጮ ቆጮ።»

«እዚህ አገር ቆጮ ቆጮ የማይል ምን አለ፣ እትዬ?» አለች ገነቴ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቁ። በቀሚሳቸው ላይ አጥልቀው አንዴ ዞሩ፤ ሽንሽኑ ተከፈተ። በመስኮቱ መስተዋት ራሳቸውን አዩ። ለአንድ አፍታ የቀበሌ ሹም መሆናቸው ቀርቶ ቆንጆ ሴት ብቻ ሆኑ።

«በማርያም፣ የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ለብሳ ፎቶግራፍ ልካልኛለች። ጨርቁን ከየት አገኛችሁት?»

«ከአዲስ አበባ ተልኮልን ነው» አለች ገነቴ ቶሎ ብላ።

ወይዘሮዋ ወደ ጣቢታ ዞሩ። «እውነት?»

ጣቢታ መሬት መሬት አየች። «አዎ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ጴጥሮስን ያሰረው «ዋሽቷል» የሚለው ነገር ነው፤ እሱ ግን አልዋሸም።

«አይደለም፣ እትዬ። የመዘምራኑ ልብስ ነው።»

ገነቴ «ወይኔ!» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ነገ ከፈታሾቹ ጋር ማን እንደሚዞር ታውቂያለሽ?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እያወቅሽ ነገርሽኝ?»

«ጠየቁኝ።»

«ከአዲስ አበባ ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔም ሳላውቅ እለብሰው፣ እናንተም ትተርፉ ነበር! አሁን አሳውቀሽ እሳት ውስጥ ከተትሽኝ እኮ! እኔ ልጆች የሉኝም? ባል የለኝም?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሃይማኖት ማለት አፍን እንዲህ መክፈት ነው እንዴ?»

ወይዘሮዋ ጉርዱን አወለቁ፤ አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩት፤ ወደ በሩ ሄዱ። መወርወሪያውን ይዘው ቆሙ።

«የጴጥሮስን ምግብ ያስገቡለታል?»

«ሲያሻቸው ያስገቡታል። ሲያሻቸው ይመልሱኛል።»

«ልጄ አሳምነው ዘምቶ፣ ይኸው ደብዳቤው ከቆመ ስምንት ወሩ።» ፊታቸውን አላዞሩም። «የመጀመሪያዎቹን በራሴ ዓይን ነው ያነበብኳቸው። ጎረቤት ሳላስነብብ፣ ሳላፍር። ‹ሀ› ብሎ ያስቆጠረኝ ባልሽ ነው፤ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ። እኔ ጠመኔ እንኳ መያዝ አቅቶኝ ስቆጣ፣ እሱ አንድ ቀን አልሳቀብኝም።»

ገነቴ አፏን ይዛ ታለቅሳለች።

ወይዘሮ እልፍነሽ ተመለሱ። ጉርዱን ከወንበሩ አንስተው ዘረጉት፤ ወገቡን በሁለት እጃቸው ሳቡት።

«ላልቷል። በሁለት ጣት አጥብቢልኝ። አራቱን ደግሞ ጠቅልዪልኝ፤ ለማኅበሩ ሴቶች ዛሬውኑ አድላለሁ። ሊቀመንበሯ የለበሰችውን እነሱ አይለብሱም? የቀረውን እናንተ ከእነሱ ጋር ተቀላቅላችሁ ልበሱት።»

«ነገ ሊለብሱት ነው?»

«ነገ።»

«ለፍተሻው?»

«ለፍተሻው ነው እንጂ።»

ጣቢታ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባላትም። «ከፈታሾቹ ጋር እዚህ ቤት ሲገቡስ፣ እትዬ?»

«እዚህም ቤት» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፤ መርፌውን ከእጇ ተቀብለው ክሩን አስገቡላት።