በጉልበት የተያዘ ጎማ

ሚልክያስ ብስክሌት የሚፈትሸው ሁልጊዜ ከኋላ ጀምሮ ነው። የኋላውን ጎማ አንስቶ ያሽከረክራል፤ ዳዶዎቹን በመፍቻ ይሞክራል፤ ካቴናውን በጣቱ ይጫናል፤ ኮርቻውን ይወዘውዛል፤ ፍሬኑን ይጨብጣል። መሪውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መሀል ጠበቅ አድርጎ ይይዝና መሪውን ግራና ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ጎማው እንደተያዘ መሪው ብቻውን ከዞረ፣ የሚያስረው ብሎን ላልቷል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ብስክሌት ቁልቁለት መውረድ ዓይንን ጨፍኖ ገደል እንደ መግባት ነው።

እህቱ ራኬብ ይህን ታውቃለች። አሮጌው ብስክሌታቸው ሳይሰረቅ በፊት፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ስትወጣ ሳትጠይቀው ኮርቻው ላይ አትቀመጥም ነበር።

"አየኸው?" ትለዋለች።

"አይቼዋለሁ" ይላታል።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሚልክያስ በሰው ፊት ቃል አይወጣውም። በሚሠራበት ጎሚስታ ቤት እንኳ ደንበኛ ሲጠይቀው በእጁ ነው የሚመልሰው። ያችን አንዲት ቃል ግን ለእህቱ ነፍጓትም ዋሽቷትም አያውቅም።

ያን ሰኞ ራኬብ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነበር። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ አካባቢ ባለ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራለች። ወላጆቻቸው ስለሞቱ፣ የጸሎት ቡድናቸው ሰዎች አዋጥተው ያገለገለ ብስክሌት ገዙላት። ሻጩ ለቁመቷ እንዲመቻት ብሎ መሪውን ከፍ አድርጎላታል።

ሚልክያስ ግቢው ውስጥ እየፈተሸ ፍሬኑ ላይ እንደደረሰ የቡድኑ ሰዎች ሊሸኟት ገቡ። ከፊት የቀደሙት አቶ እንዳለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሁለቱን ልጆች እንደ አባት የሚያስቡላቸው ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ቆንጅት ለምሳዋ ዳቦ ቋጥረውላታል። አቶ እንዳለ እንዳይረፍድባት አሁኑኑ ጸልየን እንሸኛት አሉ። ሚልክያስ ብስክሌቱ እንዳይወድቅ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መሀል ያዘ። ሁሉም እጃቸውን ብስክሌቱ ላይ ጫኑ። አቶ እንዳለ መሪውን ጨበጡ፤ የሚልክያስም እጅ ከእሳቸው እጅ ጎን ነበረች። ዓይን ተጨፈነ።

አቶ እንዳለ ከልባቸው የሚጸልዩ ሰው ናቸው። ስለ መንገዱ ጸለዩ፣ ስለ ሾፌሮቹ ጸለዩ፣ ስለ አሠሪዋ ልብ ጸለዩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል እጃቸውም አብሮ ይነቃነቃል። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ሲነቀንቁት መሪው በሚልክያስ መዳፍ ሥር ዞረ። ጎማው ግን አልዞረም። በጉልበቶቹ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሚልክያስ ዓይኑን ገለጠ። የሁሉም ዓይን እንደተጨፈነ ነው። ጸሎት እንዴት ይቋረጣል? አሜን ሲባል እናገራለሁ አለ በልቡ።

አሜን ተባለ። እልልታው ገና ሳይበርድ አቶ እንዳለ ትከሻውን ያዙት። "ዛሬስ አንተም አንዲት ቃል በል እንጂ ሚልኪ። እህትህ እኮ ናት።"

"ይተዉት እንጂ፣ እሱ የሚያወራው ከጎማ ጋር ነው" አሉ እትዬ ቆንጅት፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ያ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ አረፈ። ላልቷል የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን አሁን በተጸለየበት ብስክሌት ላይ እንከን ማውጣት፣ ጸሎታቸውንም ስጦታቸውንም መልሶ ፊታቸው ላይ እንደ መወርወር ሆነበት። ራኬብ ኮርቻው ላይ ወጥታለች።

"አየኸው?" አለችው።

አቶ እንዳለ ቀደሙት። "አይቶታል፤ እኛም ጸልየንበታል። ሂጂ ልጄ፣ እንዳይረፍድብሽ።"

እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ የምትጠብቀው የእሱን መልስ ነው። ሚልክያስ አንገቱን ደፋ። እሺታ መሰላትና ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ከአቶ እንዳለ እጅ ተመንጭቆ መፍቻውን እንደያዘ ሮጠ። ምኒልክ አደባባይ ሲደርስ ቀይ ሹራቧ ወደ ቁልቁለቱ ሲታጠፍ አየ። ስሟን ጠራ። ጮኾ የማያውቅ ጉሮሮ ነውና ድምፁ ከታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ በላይ መውጣት አልቻለም። እየሮጠ ወረደ። ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ ሰው ተሰብስቧል። አንድ ሚኒባስ መንገዱ መሀል ቆሟል። ብስክሌቱ ተጋድሟል፤ መሪው ወደ አንድ ወገን፣ ጎማው ወደ ሌላ ወገን ዞረዋል። የሚኒባሱ ጎማ ያለፈው በቀኝ እጇ ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፏት። እጇን ግን ከክርኗ በታች ቆረጡት።

እንግዳ መቀበል ስትችል የጸሎት ቡድኑ ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። ስለ ስፌት ቤቱ ማንም አላነሳም። አቶ እንዳለ እንባቸውን ጠረጉና ያን ጠዋት ባንጸልይ ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር አሉ። ሚልክያስ ከግርጌዋ ቆሟል፤ ከገባ ጀምሮ ቀና ብሎ አላያትም። ራኬብን አሳዘናት።

"አንተ ምን ሆነሃል? ጉድጓድ ነው ያጋጠመኝ፤ መሪውን የሰበረው እሱ ነው" አለችው። "አንተማ አይተኸዋል።"

አቶ እንዳለ እጃችንን እንጫንባት አሉ። ዓይን ተጨፈነ። ሚልክያስ የሚያሳርፍበት ቢያጣ እጁን የአልጋው ብረት ላይ አኖረ። አቶ እንዳለ ስለተረፈችው ነፍስ ምስጋና ጀመሩ።

"አላየሁትም" አለ ሚልክያስ።

ጸሎቱ ተቋረጠ።

"መሪው ጋ ሳልደርስ ነው የመጣችሁት። ስንጸልይ ግን ዞረ። እጄ ሥር ዞረ። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።"

እትዬ ቆንጅት ድንጋጤ ነው የሚያናግርህ ልጄ አሉት። አቶ እንዳለ ግን የገዛ መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ነበር።

ራኬብ ወንድሟን አየችው።

"ጠይቄህ ነበር እኮ" አለች።

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ልትስብ ስትል የተንቀሳቀሰው በፋሻ የተጠቀለለው ክንዷ ነበር። ሚልክያስ ሊያለብሳት እጁን ዘረጋ።

"ተወው" አለችው።