እትዬ የመረጠቻት ከተማ

የእትዬ ወንድም የመድን ድርጅት ገማች ነው። የተገጨ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን፣ ጎርፍ የገባበት ሱቅ እየዞረ አይቶ ጉዳቱን ይገምታል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ሥራውን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ አይገባም። ሶፋ ሲገዛ ጠርዙን በመዳፉ ይዳስሳል፤ የልደት ሻማ ሲለኮስ መጋረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኑ ይለካል። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ናት። እሷም ሥራዋን ይዛ ነው የምትገባው። በቤቱ ውስጥ ክፉ ወሬ የሚነገረው በሷ አፍ ነው፤ መጀመሪያ በጣፋጭ ቃል ታደነዝዛለች፣ ቀጥላ ትነቅላለች። የተነቀለበት ሰው ነገሩ የሚገባው ድንዛዜው ሲለቀው ነው።

የቤቱ ሦስተኛ ትልቅ ሰው እትዬ ናት፤ የገማቹ ታላቅ እህት። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወለድ "ለጥቂት ጊዜ" ተብላ መጣች፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ከነሽፋኑ ጓዳ አስቀመጠች፣ ይኸው እስካሁን አላነሳችውም። ጥቂቱ ጊዜ ሦስት ልጅ አሳድጓል። ትልቋ የወንድሞቿን ጠብ ሁሉ እየሰማች ስለምትፈርድ ዳኛዋ ትባላለች። መካከለኛው እጁን ከለቀቁት ስለማይገኝ ንፋሱ ነው። ትንሹ ስም የሚያሰጥ ጥፋት ገና ስላልሠራ ዝም ብሎ ማሙሽ ይባላል። ሦስቱም እትዬ ይሏታል፤ ወንድሟም፣ ሚስቱም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም እንዲሁ። የገዛ ስሟን ከሰማች ስለቆየች አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ሲጠሯት ሌላ ሰው መስሏት ቁጭ አለች፤ ተራዋም አለፋት።

በዚያ ዓመት ገማቹ "በእረፍት ልጆቹን አውሮፓ እንወስዳቸዋለን፤ ሁላችንም ነን" አለ። እትዬ ሁላችንም የምትለዋን ቃል እንደ ትኬት በጉያዋ ያዘቻት። በማግስቱ ፀጉር ቤት ካስክ ስር እንደተቀመጠች "አውሮፓ ልሄድ ነው" አለች። ካስኩ ስለሚጮህ እሷም ጮኻ ነበርና የሰሙት የፀጉር ቤቱ ሴቶች ብቻ አልነበሩም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊም መርፌውን አቁሞ ቀና አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ "መቼ ነው?" ይላታል፤ እሷም "ከተማ እየመረጥን ነው" ትላለች፣ ኮራ ብላ።

መምረጡ ደግሞ እውነት ነበር። የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው፤ እራት ከተነሳ በኋላ ገማቹ አንድ ነገር ያቀርባል፣ ሌላው በየተራ "ቢሆንስ?" ይላል። ብስክሌቱ የተገዛው፣ ትምህርት ቤቱ የተመረጠው፣ ድመቷም የተባረረችው በዚሁ ሸንጎ ነው። መልስ የሌለው "ቢሆንስ" የተነሳበት ነገር ይወድቃል። በዚህ እትዬን የሚያህላት አልነበረም። ወንድሟ አደጋን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው፤ እሷ ግን ልጁ ገና የጫማ ማሰሪያውን ሲጎትት ታውቀዋለች።

ቬኒስ ቀረበች። ንፋሱ እንደ ልማዱ ቢሮጥስ፣ መንገዱ ውሃ አይደለም እንዴ አለች እትዬ፤ ቬኒስ ወደቀች። አምስተርዳም ውሃው ሳያንሳት ብስክሌት ሞልቶባታል፤ ዳኛዋ ብስክሌተኛውን ልትመክር መሐል መንገድ ብትቆምስ? ወደቀች። ፓሪስን የጣላት ማሙሽ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ያገኘውን ሱሪ ይዞ የሚከተል ልጅ ነውና ማንን ይዞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ቪየና ልትተርፍ ምንም አልቀራትም ነበር። መካነ እንስሳቱ ተወድዶ፣ መናፈሻው ተመስግኖ ሳለ እትዬ በመንገዱ መሐል የሚያልፍ ባቡር እንዳለ አጣርታ መጣች። ገማቹ ራሱን ነቀነቀ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። እርስዎ ባይኖሩልን እኮ እነዚህ ልጆች ምን ይውጣቸው ነበር አለቻት። ማደንዘዣው ገባ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥላ፣ እንግዲያው ለአፍታ ዓይናችንን ብናነሳባቸው እንኳ ምንም የማይሆኑበትን ከተማ እርስዎ ራስዎ ፈልገው ያምጡልን አለች።

እትዬ ስልኳን ይዛ ፍለጋ ገባች። ሽንኩርት ስትከትፍ ትፈልጋለች፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ትፈልጋለች፣ ማሙሽን ስታናፍጥ በአንድ እጇ አፍንጫውን ይዛ በሌላው ትፈልጋለች። በመጨረሻ አገኘቻት፤ ሉብልያና። ዳኛዋ ካርታ ላይ ጠቁማ እስክታሳያቸው ድረስ ስሟን የሰማ አልነበረም። መሐል ከተማዋ ለመኪና ዝግ ነው። ልጅ ማልቀስ ሳይጀምር በእግር ተዞሮ ያልቃል። የአሻንጉሊት ቲያትር አላት፣ ኮረብታ ላይ የቆመ የጥንት ግንብ አላት። ወንዝ? አለ፣ ዳርና ዳሩ ግን በግንብ የታሰረ ነው። ንፋሱ ቢጠፋስ ተባለች፤ የሚገጨው የለም፣ ሮጦ ሮጦ ሲደክመው ይቆማል አለች። ማሙሽ ቢርበውስ፣ ዳኛዋ ብትጣላስ፣ ዝናብ ቢመጣስ? ሁሉንም መለሰች። ጠበቃ እንኳ ደንበኛውን እንደዚያ አጥቦ ነጻ አያወጣም። የገማቹ ዓይን ፈዘዘ፤ አደጋ የሌለበት ንብረት ያየ የመድን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አጨበጨቡላት።

ቅዳሜ ቤተሰቡ ለጉዞው ፎቶ ሊነሳ ተነሳ። እትዬ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሰው ሰርግ ስትጠራ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ሳሎን ቆመች። ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረ መስኮት መስኮቱን አየ። ያስቀመጠቻት ሐኪሟ ናት።

"እትዬ፣ እኛ ቤት ከመጡ አርፈው ያውቃሉ?"

"ኧረ እኔ ምን ሠራሁና።"

"እሱን እኮ ነው የምለው። እኛ ስንሄድ ቤቱ ጸጥ ይልልዎታል። እስኪበቃዎት ይተኛሉ።"

ድንዛዜው ገና ስላልለቀቃት ማመስገን ጀምራ ነበር። መሐል ላይ ቆም አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች። "ልጆቹንስ ማን ይይዛቸዋል?"

ገማቹ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው በሚያናግርበት ለስላሳ ድምፅ፣ "አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ ያረጋገጥሽው፣ እትዬ" አላት። "ቬኒስ ቢሆን ያላንቺ እግራችንን አናነሳም ነበር። እዚያ ግን ጠባቂ ምን ይሠራል?"

 በገዛ ምላሷ ራሷን ከአውሮፕላን አውርዳለች። ቬኒስን አፏን ዘግታ ብታሳልፋት ኖሮ ይኼኔ ፎቶ ቤት ወንበር ላይ አገጯን ቀና አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጓዳ ገብታ፣ በሰርግ ቀሚሷ፣ ማንም ያላዘዛትን ድንች መላጥ ጀመረች።

በማግስቱ ጫማ ሰፊው "መቼ ነው?" ሲላት አፏ "ቅርብ ነው" አለ። ወሬው አንዴ ወጥቷል፤ አሁን የሚቀረው እውነት ማድረግ ነው። ወንድሟን ማሳመን አትችልም። ልጆቹ ግን "ያለ እትዬ አንሄድም" ብለው መሬት ላይ ቢንከባለሉ ማን ይቋቋማቸዋል? ከተማዋ አደጋ ከሌላት፣ አደጋ ይፈለግላታል።

ገላቸውን ስታጥባቸው ጀመረች። እዚያች ከተማ አንድ ድልድይ ላይ አራት ትልልቅ አረንጓዴ ዘንዶዎች አሉ አለች፤ ፎቶውንም አሳየቻቸው። እውነቱ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ የቀረውን ከራሷ ጨመረችበት። ሐውልት መስለው የቆሙት ሰው እየቆጠሩ ነው። የትልቅ ሰው እጅ የያዘን ልጅ አይነኩም፤ ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው። መኪና የሌለው ለምን ይመስላችኋል? ጩኸት ስለማይወዱ ነው። ወንዙስ በግንብ ለምን ታጠረ? ልጅ በዚያ በኩል እንዳያመልጥ።

ንፋሱ ሳሙናው ሳይለቅለት ቀጥ ብሎ ቆመ። "አባዬና እማዬ ሁለት ናቸው። እኛ ሦስት ነን።"

እትዬ የማሙሽን ጆሮ እያጠበች፣ "እኔ ብኖር ልክ ይመጣ ነበር" አለች። "ግን እኔ አልሄድም።"

ጩኸቱን ጠበቀች። የረሳችው ነገር ቢኖር እነዚህ የዚያ ቤት ልጆች መሆናቸውን ነው፤ ችግር ሲመጣ አያለቅሱም፣ ይገመግማሉ። ዳኛዋ ሁለቱን አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ጉዳዩን መረመረች። እሷ ትምህርት ላይ ብዙ ተለፍቶባታል፣ ዘንዶ ቢበላት ኪሳራ ነው። ንፋሱ ደግሞ ፒያኖ ጀምሯል።

"ያለ እጅ የምትቀረው አንተ ነህ፣ ማሙሽ" አለች። "ገና ትንሽ ነህ። እማዬ ሌላ ትወልዳለች።"

ንፋሱ ፍርዱ ልክ ነው አለ። ማሙሽ አንድ ጊዜ አንዷን፣ አንድ ጊዜ አንዱን እያየ፣ "ያማል?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

"ትንሽ ስለሆንክ ቶሎ ያልቃል" አለችው እህቱ፣ ፀጉሩን እየዳበሰች።

እትዬ ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። "ስቀልድ ነው" ብትል እዚያው ያበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ የጫማ ሰፊው ፊት ድቅን አለባትና መልሳ ዋጠችው። ትንሽ ይፍራ አለች በልቧ፤ ፍርሃት ሥራው ፈጣን ነው።

ፈጣንም ነበር። ማሙሽ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። ቶሎ ለማደግ ብሎ እስኪያስመልሰው ይበላል፤ አስመልሶ ደግሞ ሌላ ሳህን ይጠይቃል። ንፋሱ መሮጥ ተወ፤ የአስተማሪዋን እጅ ከያዘ አይለቅም፣ አስተማሪዋም በግራ እጇ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለመደች። ዳኛዋ እንኳ ክሊኒክ ሄዳ፣ እናቷ የበሽተኛ አፍ ከፍታ ሳለች ቀሚሷን ይዛ ቆመች። በመጨረሻ ማሙሽ ለእናቱ፣ እኔን ዘንዶው ሲበላኝ ሌላውን ማሙሽ እንዳታጠምቂው በኔ ስም ብሎ ለመናት፤ ነገሩ ተገለጠ።

እራት ከተነሳ በኋላ ሸንጎው ተቀመጠ። እትዬ ከጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ዘንዶውን ማን ነገራቸው ተብላ እንኳ አልተጠየቀችም፤ ካርቱን ነው ተባለና ታለፈ። ተንኮል ታስባለች ብለው እንኳ አልገመቷትም።

ገማቹ ስጋቱ ያለው ከተማው ላይ ሳይሆን ልጆቹ ላይ ነው ብሎ አስረዳ። እንዲህ ሆነው አውሮፕላን አይወጡም።

እትዬ ያዘጋጀችውን አወጣች። "እኔ ካለሁ እኮ አይፈሩም።"

ሐኪሟ እጇን ያዘቻት፤ በሁለት እጇ። "እርስዎ ጋር ከሆኑ ምንም እንደማይፈሩ አጥተነው መሰለዎት? ለዚህ ነው ከእርስዎ ጋር ይቅሩ ያልነው። እኛም ከተጋባን ለብቻችን የትም ሄደን አናውቅም።"

ባልና ሚስት ሄዱ። ልጆቹ በር ላይ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ፊታቸው ከትልቅ በሽታ እንደዳነ ሰው በርቶ ነበር። ከዚያ ዞረው እትዬን ያዙ። ሱቅ ስትሄድ ሦስቱም ተንጠልጥለውባት ነው፤ ሽንት ቤት ስትገባ ማሙሽ ከበሩ ስር ጣቶቹን ያስገባል፣ እንድትረግጥለት፤ ካልረገጠችው መኖሯን አያምንም። ዘንዶ የለም፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው ብላ ማለችላቸው። ዳኛዋ፣ ልታጽናኛቸው ብላ ነው፣ ትልቅ ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው የሚለው ብላ ወሰነች። ሰፈሩ እንዳያያት በጓሮ መንገድ ስትሾልክ የፀጉር ቤቷ ባለቤት አገኘቻት።

"እትዬ፣ ከመቼው ደርሰሽ መጣሽ? አውሮፓ እንዲህ ከጓሮ ነው እንዴ?"

አንድ ቀን ከሰዓት ወንድሟ ደወለ። ድምፁ ወፈር፣ ዘና ብሏል። እውነትሽን ነበር አላት፤ ልጅ ሁሉ ብቻውን ይሮጣል፣ የሚያየውም የለም፣ የሚሆነውም የለም፣ ቢፈልጉ አንድ የሚያሰጋ ነገር አጡ። እንዳንቺ የሚመርጥ የለም፤ በቃ ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ ሌላ ፈልጊልን አለ።

እትዬ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ከወገቧ፣ ከክንዷ፣ ከቀሚሷ የተጣበቁትን ሦስቱን አየች።

"ስንት ሆነን?" አለች።

ወንድሟ፣ "እትዬ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል" አላት።

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። የሐኪሟ ሹካ ሳህኑን ሲነካ እንኳ ይሰማት ነበር።